አንድ ጎራሽ

አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ የሌለው ሰው ማግኘት አይቸግርም። የሚቸግረው አንድ ብቻ ያለው ማግኘት ነው። የገዛ ይደግማል፣ የደገመ ይሠልሳል፤ ከዚያ በኋላ ቆጠራው የሚስት ሥራ ይሆናል። ቅዳሜ ወደ ተኩስ ሜዳ ብቅ ብትሉ፣ 30 ጥይት የሚይዝ ካዝና የሰካ ጎረምሳ ሲያንጣጣው ታገኛላችሁ። ካዝናው ሲያልቅ ሌላ ይሰካል። ይምታ ይሳት እሱም አያውቅ፣ ዒላማውም አያውቅ። ጮኸለት፣ ጨሰለት፤ ይበቃዋል።

እዚያው ሜዳ ጥግ ላይ ደግሞ ሌላ ዘር አለ። አብዛኞቹ ጢማቸው የሸበተ፣ መነጽራቸው የወፈረ፣ ምሳቸውን ቋጥረው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደለድላሉ፣ ነፋሱን ያያሉ፣ አንዲት ጥይት ከሳጥኗ አውጥተው ያገላብጧታል። ያጎርሳሉ። ይተነፍሳሉ። ይጠብቃሉ። ተስፋ ቆርጣችሁ ፊታችሁን ስታዞሩ "ዷ!" ይላል። ከዚያ ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ። የሚቀጥለው "ዷ!" እስኪመጣ ጎረምሳው የደመወዙን እኩሌታ ተኩሶ ጨርሶ ቤቱ ገብቷል።

የነዚህ ሰዎች መሣሪያ በወረቀት ላይ ሽጉጥ ናት። በዓይን ሲያዩዋት ግን ነገሩ ይምታታል። ሰደፍ የላትም፤ ስለዚህ ጠመንጃ አይደለችም። ርዝመቷ ክንድ ያህላል፤ ስለዚህ ወገብ ላይ አትታጠቅም። የምትተኩሰው የጠመንጃ ጥይት ነው፣ የምትሸከመው ከራሷ የማይተናነስ አጉልቶ ማያ መነጽር ነው፣ አንዳንዷም እንደ መትረየስ ሁለት እግር አውጥታ ትቆማለች። ይህ ሁሉ ጓዝ ተጭኖባት የምትጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ከፈለጉ ከፍተው፣ ባዶ ቀለሁን በጣት አውጥተው፣ ሌላ አጉርሰው፣ ዘግተው ነው። አንዳንዷ መሀል ላይ ታጥፋ የምትከፈት ናት፤ ሌላዋ እንደ ምንሽር በማቀባበያ የምትሠራ።

ለምን ትሆናለች? ይህን ጥያቄ ባለቤቶቿ አይወዱትም። ቤት ለመጠበቅ እንዳይሉ፣ ሌባው በጣም ጨዋ ሰው መሆን አለበት። መነጽሩ እስኪስተካከል መቆም ይኖርበታል፤ ያውም ሳሎን ውስጥ ሳይሆን 200 ሜትር ርቆ። ለአደን እንዳይሉ፣ ጠመንጃ የሚባል ነገር ከተፈለሰፈ ቆይቷል። ስለዚህ "አይ፣ ለየት ያለ ፈተና አለው" ይሉና ወሬ ይለውጣሉ። እኔ እንደተረዳሁት ከሆነ የፍቅራቸው ምሥጢርም እዚያው ላይ ነው፤ ለምንም የማይሆን ነገር ብቻ ነው ያለ ሰበብ የሚወደደው።

ይህን ሁሉ የማውቀው ቨርጂኒያ ውስጥ ከግድግዳ ማዶ በሚኖር ጡረተኛ ጎረቤቴ ምክንያት ነው። ሰውዬው መኪናውን ውጭ ነው የሚያሳድረው፤ ጋራዡ ውስጥ ቦታ የለም። መሣሪያዎቹ እዚያ ናቸው። "ስንት ሽጉጥ አለህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ ሚስቱ እንደማትሰማ በዓይኑ አጣርቶ፣ "አንድ" አለኝ። ከኋላው ግድግዳ ሙሉ ብረት ተደርድሯል። "እነዚያስ?" "እነዚያ አፈሙዝ ናቸው።"

አልዋሸም። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ዋረን ሴንተር የሚባል ጠመንጃ ሠሪ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ አንዲት ተጣጣፊ ሽጉጥ ሠራ። ኒው ሃምፕሸር፣ ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ቶምሰን ከሚባል ሰው ፋብሪካ ጋር ተዋዋለና በ1967 "ኮንቴንደር" ተብላ ገበያ ወጣች። የሴንተር ብልሃት የነበረው አፈሙዟ ላይ ነው። ከፊት ያለውን እንጨት ፈትተው፣ አንዲት ፒን ገፋ አድርገው ሲያወጡ አፈሙዙ በሙሉ ይለቃል። ሌላ ይገባል። ከትንሿ 22 ጀምሮ ጎሽ እስከሚጥለው 45-70 ድረስ፣ ጥይቱ በተለወጠ ቁጥር መለወጥ ያለበት አፈሙዙ ብቻ ነው። መነጽሩም አፈሙዙ ላይ ስለሚታሰር ማስተካከያው ከነነፍሱ አብሮ ይቀመጣል። ረከቦቱ አንድ፣ ጀበናው ብዙ እንደ ማለት ነው።

የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሽጉጥ ብሎ የሚቆጥረው ቁጥር የተመታበትን፣ እጀታውና ምላጩ ያለበትን አካል ብቻ ነው። አፈሙዝ ብረት ነው። በፖስታ ታዝዞ ደጃፍ ይመጣል። እናም ጎረቤቴ ሚስቱ "ደግሞ ሽጉጥ ገዛህ?" ስትለው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ "አልገዛሁም" ማለት ይችላል፤ ይላልም። ፋብሪካውን በ2007 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ገዝቶት፣ በ2021 ደግሞ ልሸጠው ነው ሲል የአፈሙዝ ሰብሳቢዎች ድንጋጤ ሌላ ነበር። ጎረቤቴም "ሳይጠፋ" ብሎ ገዛ። "ሳይጠፋ" ለሰብሳቢ የተፈቀደ ትልቁ ቃለ መሐላ ነው።

ጎረቤቴ ከልጆቹ ሠርግ ይልቅ በስሜት የሚያወራው አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። በ1934 የወጣ ሕግ፣ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ የሚሠራ ሰው ይመዝገብ ይላል፤ እስከ 2025 መጨረሻም 200 ዶላር ይክፈል ይል ነበር። ቶምሰንና ሴንተር ኮንቴንደርን ከረጅም አፈሙዝና ከሰደፍ ጋር በአንድ ሳጥን አሽገው መሸጥ ጀመሩ። መንግሥት "ቆይ! ሰደፉን በአጭሩ አፈሙዝ ላይ ቢገጥሙትስ? አጭር ጠመንጃ ሠርታችኋል፤ ግብር ክፈሉ" አለ። ኩባንያው አንዱን አስመዝግቦ፣ 200 ዶላሩን ከፍሎ፣ "መልሱልኝ" ብሎ ከሰሰ። የ200 ዶላር ነገር እየተገፋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1992 ዘጠኝ ዳኞች ካባቸውን ለብሰው ተቀመጡና በ5 ለ 4 ድምፅ ኩባንያው ረታ፤ ሕጉ ግልጽ ካልሆነ ጥርጣሬው የሚጠቅመው ባለጉዳዩን ነው ተባለ። ጎረቤቴ ይህን ሲተርክ ድምፁ ይርገበገባል። እኔ ዓድዋን ስተርክ እንዲያ መሆኔን ሚስቴ ስለነገረችኝ አልስቅበትም።

ድሉ ግን ቅደም ተከተል አለው። ሽጉጧን ጠመንጃ ሲያደርጋት መጀመሪያ ረጅሙን አፈሙዝ፣ ቀጥሎ ሰደፉን ነው የሚገጥመው። ሲመልሳት መጀመሪያ ሰደፉን ይፈታል፣ ቀጥሎ አፈሙዙን። ቢያፋልስ፣ ሰደፉና አጭሩ አፈሙዝ አንድ አካል ላይ በተገናኙባት ቅጽበት ጋራዡ ውስጥ ወንጀል ተፈጽሟል። ማንም የሚያየው የለም፤ እሱ ግን ጮክ ብሎ "ሰደፍ ወጣ። አሁን አፈሙዝ" እያለ ነው የሚሠራው። ቄሱ እንኳ ቅዳሴውን እንዲህ ተጠንቅቆ ሲያደርስ አላየሁም።

ከኮንቴንደር በፊት የመጣች ሌላ ጉድ ደግሞ አለች። ሬሚንግተን በ1963 "ኤክስፒ 100" ያላት። ያኔ ሰው ሁሉ ወደ ጨረቃ የሚያንጋጥጥበት ዘመን ነበርና ሽጉጧም ከመንኮራኩር የወረደች ትመስላለች። ሬሚንግተን በዚያን ጊዜ የኬሚካል ኩባንያው የዱፖንት ንብረት ስለነበር እንጨት ማን ይፈልጋል ብለው አካሏን በናይለን ሠሯት። እጀታዋ መሀሏ ላይ ነው፣ ማቀባበያዋ የጠመንጃ። መጀመሪያ ያሰቡላት ጥይት 222 የሚባለው ነበር፤ ግን ባሩዱ በአጭሩ አፈሙዝ ውስጥ ነድዶ ሳያልቅ ውጭ ወጥቶ ስለሚፈነዳ፣ ቀለሁን አሳጠሩና "የእሳት ኳስ" አሏት። በሰከንድ ወደ 800 ሜትር ትወነጨፋለች። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ማሳ የሚቆፍሩ፣ የፍልፈል ዘመድ የሚመስሉ እንስሳትን ከሩቅ ለመምታት ነው። ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋዋ የሚወጣው ከነዚፕ ቦርሳዋ ስትገኝ ነው፤ ቦርሳው ከጠፋ ሰውየው የሙት ልጅ እንደሚያጽናና ያያታል።

በቀኝ እጅ ጨብጦ ማቀባበያውን በምን እጅ ይስቡታል? ትልቅ ጥያቄ ነው። ኤክስፒ 100 ማቀባበያዋ በቀኝ ስለሆነ ባለቤቷ በተኮሰ ቁጥር እጀታውን ይለቃል፣ ወይም በግራ እጁ አናቷ ላይ ተሻግሮ ይታገላል። ሳቬጅ የተባለው ኩባንያ በ1998 "ስትራይከር" ብሎ ባወጣት ሽጉጥ ላይ ማቀባበያውን ወደ ግራ አዞረው፤ ቀኝ እጅ እንደጨበጠ ግራው ይሠራል። ይህን ቀላል ነገር ለማሰብ 35 ዓመት ፈጀ። የተኳሾቹ ትዕግሥት ለፋብሪካዎቹም የተረፈ ይመስለኛል።

አማቼ ከደጋ ዳሞት ሊጠይቁን የመጡት በዚህ መሀል ነው። አባታቸው ውጅግራ ነበራቸው፤ እሳቸው ምንሽር ተሸክመው ነው ያደጉት። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ አልጋው ለሰለሰባቸው፣ ምግቡ ጣፈጠባቸው፣ ቀኑ ረዘመባቸው። ጎረቤቴ ጋራዡን ከፍቶ ሲወለውል ያዩ ዕለት ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ኮንቴንደሯን ረዥም ጊዜ ዙሪያዋን አዩዋት።

"ማን ቆረጠው?" አሉኝ።

"ማንም አልቆረጠውም አባባ፣ ሲሠራ ነው እንዲህ።"

"ሰደፉንሳ? በዕዳ ወሰዱበት?"

"ሰደፍ የለውም። ሽጉጥ ነው።"

"ልጄ፣ እኔ ሽጉጥ አላውቅም? ጠመንጃ የሚቆርጥ ሽፍታ ነው፤ ቆርጦ ጋቢ ሥር ሊደብቅ። ይኼ ደግሞ ቆርጦ ሲያበቃ መነጽር ጫነበት። እንዴት ነው የሚደበቀው?"

ጎረቤቴ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። "በጣም አምሮባታል ይላሉ" አልኩት። ደስታው ፊቱ ላይ በራ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ውድድር ስላለ አብረውን ይምጡ አለ።

ውድድሩ የብረት እንስሳት ተኩስ ነው። ከሜክሲኮ የመጣ ጨዋታ ሲሆን፣ ድሮ ድሮ እዚያ በዓል ሲሆን በሕይወት ያለ እንስሳ አስረው ከሩቅ ይተኩሱ እንደነበር ይነገራል፤ በኋላ እንስሳው በብረት ምስል ተተካ። አሜሪካኖች ወደ ሽጉጥ አምጥተው በ1976 ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙለት፤ ለኮንቴንደርና ለኤክስፒ 100 ትክክለኛው ሠርግና ምላሽ ያኔ ሆነ። ሽጉጦቹ ተሠርተው ሲያበቁ ሥራ ተፈለገላቸው ማለት ይቻላል። በትልቁ ውድድር ዶሮ 50 ሜትር፣ አሳማ 100፣ ተርኪ የሚባለው የፈረንጅ ዶሮ 150፣ በግ ደግሞ 200 ሜትር ላይ ይቆማሉ። መምታት ብቻ አይበቃም፤ መውደቅ አለባቸው። በጉ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ነው፤ ሰኮናው ላይ ቢመቱት ያንቃጭላል እንጂ ንቅንቅ አይልም። አምስት እንስሳ፣ አምስት ጥይት፣ ሁለት ደቂቃ።

አማቼ ኮፍያቸው ላይ የጆሮ መከላከያ ደፍተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከተኳሾቹ ጀርባ ተቀመጡ። የእንስሳቱን ዝርዝር ስተረጉምላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። "ዶሮውና በጉ ይሁን" አሉ፤ "አሳማውን ግን ተወው በለው፤ ቢጥለውስ ምን ያደርግለታል?"

የጎረቤቴ ተራ ደረሰ። ምንጣፉን አነጠፈ፣ እግሩ ላይ ወፍራም ቆዳ አሰረ፣ ከዚያ በጀርባው ተንጋለለ።

"ምን ሆነ? ወደቀ እኮ!" ብለው አማቼ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"አልወደቀም አባባ፤ ተንጋሎ ነው የሚተኩሰው።"

እውነትም የታወቀ አተኳኮስ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ አንድ እጅን ከራስ ሥር ተንተርሶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ሽጉጧን ከውጭ በኩል ባት ላይ ያስደግፏታል፤ ቆዳው ፍንዳታው ሥጋ እንዳይበላ ነው። አማቼ ግራ ተጋብተው ቁጭ አሉ። "ጠላት ሲመጣ እንዲህ ሆኖ ይጠብቀዋል? ገና ሳይተኩስ ሞቷል ብሎ ያልፈው ይሆናል።" ትንሽ አሰቡና "ለካስ ዘዴ ነው" አሉ።

ከቅርብ ስታዩት ተኩሱ ይገርማል። የጎረቤቴ ሆድ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ከዚያ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ጣቱ ምላጩ ላይ ያለ አይመስልም። በመነጽሩ ውስጥ በጉ ከልብ ምቱ ጋር አብሮ እንደሚዘል ነግሮኛል፤ ልቡ በሁለት ምት መካከል ስታርፍ ጠብቆ ነው የሚለቀው። "ዷ!" አፈሙዙ ወደ ሰማይ ተወነጨፈ፣ ከምንጣፉ ዳር አቧራ ተነሣ። ከዚያ ዝም። አንድ ሰከንድ ያህል ምንም የለም። "ሳተ" ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ ከኮረብታው ሥር "ግንንን" የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ዓይናችሁን ስታነሡ በጉ ቀድሞ ተንጋሏል። አማቼ በጭብጨባ አያምኑም፤ ከንፈራቸውን ጥቂት አሾሉና "ይኼስ ያውቃል" አሉ። ከደጋ ዳሞት ሰው አፍ ይህ ሜዳሊያ ነው።

ምሳ ላይ ጎረቤቴ የአተኳኮሱን ታሪክ አወጋን። ስሙ ክሪድሞር ነው፤ ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ የነበረ የተኩስ ሜዳ። በ1874 አየርላንዶች የዓለም ቁንጮ ነን ብለው መጥተው ከአሜሪካኖች ጋር እዚያ ገጠሙ። አየርላንዶቹ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ አሜሪካኖቹ ከኋላ የሚጎርሱ ሬሚንግተንና ሻርፕስ ይዘው፤ ሁሉም አንድ ጎራሽ ናቸው። አሜሪካኖች 934 ለ 931 አሸነፉ። ሦስት ነጥብ! ከአየርላንዶቹ አንዱ ደግሞ ዒላማውን እምብርቱ ላይ መትቶ ነበር፤ ያልታደለው ዒላማው የሱ አልነበረም። የጎረቤቱን መትቶ ባዶ ተሰጠው።

አማቼ ትርጉሙን ሰምተው ሲያበቁ በጣም ሳቁ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ "የሰው ጥጃ ማለብ ነው እንጂ ጥፋትስ አይደለም" አሉ። ጥጃ እንደማይታለብ ለማስታወስ ጊዜው አልነበረም።

ሆድ ሲሞላ እጅ ይበላል። አማቼ አሁን መተኮስ አማራቸው። "አንዲት ብቻ ያጉርሰኝ በለው፤ በጉን ላሳየው።" ጎረቤቴ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ሕግ በቃሉ የሚያውቅ ሰው አይድረስባችሁ። በጉብኝት ቪዛ የገባ የውጭ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ነገር ካልያዘ በስተቀር፣ በፌዴራሉ ሕግ መሣሪያ በእጁ መያዝ አይችልም። ሽጉጧን ከአማቼ ክንድ ራቅ አደረጋት።

"ምን አለ?"

"አይፈቀድም ነው የሚለው። ሕግ ነው።"

"እኔን? ከጨቅላነቴ ጀምሮ መሣሪያ የያዝኩትን?" ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጎረምሳው ቀሰሩ፤ ያ ጎረምሳ አሁንም እያንጣጣው ነበር። "እሱን ፈቅደው እኔን?"

የምመልሰው አጣሁ። አማቼም በመከፋት አልተቀመጡም፤ ቢያንስ ሥራ ልሥራ ብለው ጎንበስ አሉና መሬት የወደቀ ባዶ ቀለህ አነሡ። በሳቸው አገር ቀለህ አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተፈልጎለት እንደገና ይሞላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጠመንጃ ጥይት በየገበያው እንደ አሞሌ የሚመነዘር ገንዘብ ነበር፤ ገንዘብ መሬት ወድቆ ማን ያልፈዋል? ጎረቤቴም እንዲሁ ነው። የራሱን ጥይት ጋራዡ ውስጥ ባሩድ በሚዛን እየለካ የሚሞላ፣ ለአንዲት ቀለህ ጠረጴዛ ሥር የሚሳብ ሰው ነው። አሁን ግን እንደ እብድ ዘሎ ተነሣ። "ኖ! ኖ!" በሕጉ ትርጓሜ ጥይት ማለት ጥይቱ ብቻ ሳይሆን ቀለሁም፣ ባሩዱም፣ እርሳሱም ጭምር ነው። ባዶው ቀለህ ጥይት ነው።

ይህን መተርጎም ምን ያህል እንደከበደኝ አይጠየቅ። አማቼ መዳፋቸው ላይ ያለውን ቀለህ አገላብጠው አዩ፣ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አቀኑ፣ ነፉበት፤ ፉጨት ወጣው። "ይኼ ነው ጥይቱ?" አሉ። ጠረጴዛው ላይ በክብር አስቀመጡት፤ እጃቸውንም በጋቢያቸው ጠረጉ።

ጎረቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ አፈረ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ነገር ሳይነኩ የዋሉ ሽማግሌ ፊቱ ተቀምጠዋል። መኪናው ጋ ሄደና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ሲፈታው ከባድ፣ አሮጌ፣ የዋልነት እጀታ ያለው ሽጉጥ ነው። በጣቶቹ ሁለት ጫፍ ይዞ አማቼ እጅ ላይ አኖረው። አሁን የደነገጥኩት እኔ ነኝ። "ሕጉስ?" አልኩት።

"ይህ ሽጉጥ አይደለም" አለ ረጋ ብሎ። እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ በፌዴራሉ ሕግ ቅርስ ነው፤ የጦር መሣሪያ ተብሎ አይቆጠርም። ይህችኛዋ የ1871 ሬሚንግተን ናት፤ ጥይቷ ግማሽ ኢንች ይወፍራል፣ የአውራ ጣት ያህል ነው። ፈረስ ትጥላለች። ግን ሽጉጥ አይደለችም። ባዶው ቀለህ ነው ጥይት።

አማቼ ትርጉሜን አልጠበቁም። ሽጉጧን በቀኝ እጃቸው መዘኑ። አውራ ጣታቸው ማንም ሳይነግረው የኋላ መዶሻዋን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሳበ፤ ከዚያ ከፊቱ ያለችውን ብረት አንከባልሎ ከፈተ። አንድ ጥይት የምትገባበት ቀዳዳ ታየ። አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱ። "ይኼማ የግብጾች ነው" አሉ።

ጎረቤቴ ምን እንዳሉ ሲሰማ ተቀመጠ። የግብጹ ከዲቭ እስማኤል ሠራዊቱን ያስታጠቀው በዚሁ ዓይነት የሬሚንግተን ጠመንጃ ነበር፤ ያውም አሜሪካዊ መኮንኖች ቀጥሮ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራዕ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ሲገጥም ያ ሁሉ ሬሚንግተን ባለቤት ለወጠ። ጉራዕ ላይ የግብጹ ጦር ዋና ኤታማዦር ሎሪንግ የሚባል፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ ጋር የተዋጋ ጄኔራል ነበር። ጎረቤቴ ሎሪንግን ያውቀዋል፤ ሬሚንግተንንም ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለቱ ኢትዮጵያ ውስጥ መገናኘታቸውን ግን ያን ዕለት ነው የሰማው። ደብተሩን አወጣ። ስንት ጠመንጃ ነበር? ቁጥራቸውስ? ዛሬ የት ይገኛሉ? ሰብሳቢ ሲነሣበት ሊያቆመው የሚችል ኃይል የለም። በመጨረሻ፣ ዋጋ የሚያወጣው ታሪኩ ከሰነድ ጋር ሲሆን ብቻ መሆኑን አስረድቶ፣ ጉራዕ ላይ የተማረከ አንድ ሬሚንግተን ቢገኝ ከማን ለማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ወረቀት ይኖረው እንደሆነ እንድጠይቅለት ለመነኝ።

"ወረቀት?" አሉ አማቼ፣ ብረቷን መልሰው እየዘጉ። "ሲሰጡን እየሮጡ ነበር፤ ማን ቆሞ ይፈርማል? ደረሰኙን እዚያው እስማኤል ፓሻን ይጠይቅ በለው።"